ባለ ዝሆን ጥርሷ ሰንጢ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በብዙኃን ማርያም ዕለት ታቦት ገብቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን፣ የግራዝማች ክንፈሚካኤል ሠራተኛ ማሚቱ ከንግሥ ተመልሳ የእልፍኙን በር ገፋ አደረገች። ጌታዋ ከምንጣፉ ላይ በቀኝ ጎናቸው ተጋድመዋል። የተኙ መስሏት ልትመለስ ስትል ደሙን አየች። በግራ ጎናቸው አንዲት ሰንጢ እስከ እጀታዋ ተሰክታ ነበር።

እጀታዋ የጎሽ ቀንድ ነው። ቡሬ ላይ ያችን ሰንጢ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እንዳለው የሚባለው የግራዝማች የእህት ልጅ ሸንኮራ የሚልጥባት፣ በትር የሚቀርጽባት፣ ከወገቡ የማትለይ ነበረች። በዚያው ዕለት ጧት ደግሞ አጎትና የእህት ልጅ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ስለዚህ በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ ዳኘው ከፍኖተ ሰላም በላንድሮቨር ሲደርስ፣ የአገሩ ሰው ነገሩን ጨርሶ፣ እንዳለውን የፊጥኝ አስሮ ከአጥር ሥር አስቀምጦ ጠበቀው።

«ምኑ ይመረመራል ጌታዬ?» አለ ጭቃ ሹሙ። «ሰንጢው የሱ፤ ጠቡም የሱ።»

«ገድሎ ሲያበቃ ስሙን ከሬሳው ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ዳኘው። «እስቲ ትንሽ ልየው።»

ዳኘው ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ መኰንን ነበር፤ ሲጠይቅ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ይመለከታል። ወደ እልፍኙ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ግራዝማች በአገሩ የታወቁት በዳኝነታቸውና በሰንጢዎቻቸው ነበር። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የሚታጠፍ ሰንጢ ሲያሰባስቡ ኖረዋል። ባለ ወይራ፣ ባለ አጥንት፣ ባለ ናስ፣ ባለ በሬ ቀንድ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጎሬ የመጣች አንዲት ባለ ዝሆን ጥርስ ነበረቻቸው። ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ እያንዳንዷ በራሷ የከፋይ ከረጢት ትቀመጣለች። አሁን ሣጥኑ ተከፍቷል። ባለ ዝሆን ጥርሷ ራቁቷን ከላይ ተጥላለች፤ ከረጢቷ የለም። ከሣጥኑ አጠገብ ፍሙ የከሰመ ማንደጃ አለ። ከማንደጃው ጠርዝ ላይ ጫፉ የጠቆረ ወስፌ ተጋድሟል።

ዳኘው ባለ ዝሆን ጥርሷን አንሥቶ አገላበጣት። ከእጀታዋ ሆድ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ዙሪያዋ የቀለጠ ጠባሳ አየ። ጠጋ አድርጎ አሸተታት፤ እንደ ሐኪም ቤት መድኃኒት ሸተተው። ቀጥሎ ከሬሳው ጎን ተንበረከከ። የጎሽ ቀንዱ እጀታ ቅቤ ጠግቧል፤ በቅቤው ላይ ደግሞ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተለጥፈዋል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እህተ ማርያምን አስጠራ።

«ይቅርታ እሜቴ፤ በሐዘንዎ ላይ ላስቸግርዎት ነው። ግራዝማች ሰንጢዎቻቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር?»

«ቀንድ ቀንዱን ይቀቡ ነበር። ሲደርቅ ይሰነጠቃል እያሉ። የራሳቸውም ብቻ አይደለም፤ የሰውንም ተቀብለው ይቀባሉ።»

«ዝሆን ጥርሱንስ?»

«ኧረ! እሱን ቅቤ አያስነኩትም፤ ያደፋል ይላሉ።»

«ከረጢቷ ምን ዓይነት ነበረች?»

«ቀይ ከፋይ። እኔው ነኝ የሰፋኋት። ወደ ንግሥ ስንወጣ ከሣጥኑ ውስጥ አይቻታለሁ።»

ቢፈልጉ አጧት።

ከዚያ እንዳለው ገባ። ገመዱ ክንዱን አሳብጦታል።

«ከአጎትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ወታደር ልቀጠር አልሁ። እርሻውን ለማን ትተህ ብለው ተቆጡኝ።»

«ሰንጢህስ እንዴት ከዚህ ተገኘች?»

«ቀንዷ ተሰነጠቀብኝና ቅቤ ይቀቡልኝ ብዬ ሰጥቻቸው ነበር። ተናድጄ ስወጣ ረሳኋት።»

«ስትሰጣቸው ማን አየህ?»

«ማንም» አለና እንዳለው ከበሩ ወደ ቆሙት አክስቱ ተመለከተ። እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እኒሁ ወይዘሮ ናቸው። «አክስቴ፣ እርስዎ እንኳ ያውቁኛል።»

ወይዘሮ እህተ ማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቀጥሎ የጎረቤቱ የቅኔ መምህር መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ተጠየቁ። እሳቸውም ከሟች ጋር ተኳርፈው ነበር።

«ከደብራችን ወይራ ቅርንጫፍ አስቆርጠው የሰንጢ እጀታ አደረጉት» አሉ ሳይደብቁ። «እኔም "የያዙት ይውጋዎት" ብዬ ረገምኋቸው። አገር ሰምቷል።»

«እነሆ ደረሰልዎት ማለት ነው?»

«እርግማን ይደርሳል እንጂ ሰንጢ አይጨብጥም፤ መቶ አለቃ። ደግሞ ያልሁት እንዲህ እንዲሆን አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

በመጨረሻ አቶ ገብረሰንበት መጡ። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ናቸው፤ የግራዝማች የልጅነት ባልንጀራ፣ ባለቤታቸውም የግራዝማችን ልጅ ወለተ ሐናን ክርስትና ስላነሡ አበልጃቸው። እንደ ግራዝማች ሁሉ ሰንጢ ያሰባስባሉ። በየበዓሉ እየተገናኙ፣ ሰንጢዎቻቸውን ጎን ለጎን ደርድረው «ያንተ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» ሲባባሉ መዋል የሁለቱ ልማድ ነበር። ከለቀስተኛው ሁሉ የእሳቸው ድምፅ ይጎላ ነበር።

«አበልጄን! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!»

«ትናንት የት ዋሉ አቶ ገብረሰንበት?»

«ለንግሥ መጥቼ ከቤተ ክርስቲያን። መርዶውን የሰማሁት ከዚያው ነው። ከዚያ በፊት ከዚህ ቤት እግሬ አልረገጠም።»

ዳኘው ስለ ግድያው መጠየቁን ተወና ስለ ሰንጢ ያወራቸው ጀመር። የሰውዬው ፊት ፈካ፤ እንባቸውም ደረቀ።

«እኔ ገበሬ የወለደኝ ነኝ» አለ ዳኘው፤ «አጥንትና ዝሆን ጥርስ ምኑ ይለያል?»

«እንዴ! አጥንት ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ዝሆን ጥርስ ግን መስመሩ እንደ መረብ ይጠላለፋል። ከሁሉ በላይ ጉንጭዎን ያስነኩት፤ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። በዚህ ረገድ አበልጄም እንኳ አይደርሱብኝም ነበር።»

«የግራዝማችን ባለ ዝሆን ጥርስ መቼ አዩዋት?»

ገብረሰንበት እጃቸውን ከኮታቸው ውስጥ ከተት አደረጉ። «ለእንቁጣጣሽ ተውሼ ወስጃት ነበር፤ ከኔዎቹ ጋር ላስተያያት ብዬ። በመስቀል መለስሁላቸው።»

ዳኘው አመስግኖ ለቀቃቸው።

ግራዝማች ተቀበሩ። በሠልስቱ ዕለት ዘመድ ጎረቤቱ ከግቢው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። እንደ አገሩ ልማድ ጥፋተኛው በሕዝብ ጉባኤ የሚጋለጥበት አውጫጭኝ እንዲደረግ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ነበር። እንዳለው እንደታሰረ ከመሐል ቆመ። ዳኘው አንድ ነጠላ መሬት ላይ አስነጠፈና የግራዝማችን ሰንጢዎች ደረደረበት። አጠገባቸው ፍም የሞላ ማንደጃ አስቀመጠ።

«አቶ ገብረሰንበት፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ዕውቀቱ ያለዎት እርስዎ ነዎት። ለሟች ክብር ሲሉ እያንዳንዷን ይንገሩን።»

ገብረሰንበት ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አነሡ። «ይቺ ወይራ። ይቺ አጥንት፤ ነጠብጣቡን ተመልከቱ። ይቺ ናስ። ይቺ የበሬ ቀንድ ናት።» የመጨረሻዋን አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አሳረፏት። «ይቺ ዝሆን ጥርስ።»

«ይቀዘቅዛል?»

«እንደ ውኃ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በክርስትናዬ!»

ዳኘው ሰንጢዋን ተቀብሎ ለመሪጌታ ሰጠ። «አባታችን፤ እርስዎም ጉንጭዎን ያስነኩልኝ።»

መሪጌታ አስነክተው ጠበቁ። «አይቀዘቅዝም» አሉ። ከዚያም ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩአት። «ነጠብጣብም፣ መረብም የለባትም።»

ዳኘው ወስፌውን ከፍሙ አወጣና ከእጀታው ጫፍ አስነካ። ቀልጦ ጨሰ። የመድኃኒት ዓይነት ሽታ በሾላው ሥር ሲሰራጭ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ይህ ዝሆን ጥርስ አይደለም» አለ ዳኘው። «የፈረንጅ ማበጠሪያና የመስታወት እጀታ የሚሠራበት ነገር ነው። ግራዝማችም ይህንኑ ደርሰውበት ነበር፤ ወስፌ ያስነኩበትን ጠባሳ አይቻለሁ። አሁን አንድ ነገር አስቡ። እኔ ያልተማርሁት ሰው ባላውቀው ያምርብኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ ያሉኝ ሰው ግን እጃቸው ገብቶ፣ ጉንጫቸውን ነክቶ እንዴት ሳቱት? አልሳቱትም፤ ዋሹን። ሐሰተኛዋን እውነተኛ ብሎ መማል የሚጠቅመው ለለወጣት ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ... ሐዘኑ ነው ያሳሳተኝ» አሉ ገብረሰንበት።

«ይሁን፤ እንቀጥል። የገደለችው ሰንጢ እጀታዋ ቅቤ ጠግቦ ነበር። እንዳለው ቅቤ እንዲቀባለት ሰጥቶ ረሳኋት ያለው እውነት ነው ማለት ነው። ሰንጢዋ ከግራዝማች ፊት ነበረች። በቅቤ የላመ ቀንድ ደግሞ በባዶ እጅ ቢይዙት ያዳልጣል። ገዳዩ በእጁ ያገኘውን ጨርቅ ጠቀለለበት። ጨርቁ ምን እንደነበር ቅቤው ነገረኝ፤ ቀይ የከፋይ ክር ተለጥፎበታል። ቀይዋ ከረጢት የዚችው ሐሰተኛ ሰንጢ ነበረች፤ የጠፋችውም ገዳዩ ይዟት ስለሄደ ነው። ግራዝማች የተገደሉት እንግዲህ ይቺን ከከረጢቷ አውጥተው፣ ወስፌ አግለው፣ ለአንድ ሰው ሲያሳዩ ነው። ለማን ያሳያሉ? እንዳለው ለሸንኮራው እንጂ ለዝሆን ጥርስ ግድ የለውም። መሪጌታም ጠባቸው በወይራ ነው። ይቺን ሰንጢ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ቤቱ ያዋለ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ገብረሰንበት ዞረ።

«እውነተኛዋ ባለ ዝሆን ጥርስስ?» አለ ዳኘው። «እሷን ለማግኘት ባልንጀራውን የከዳ ሰው ከቤቱ ትቷት አይመጣም። አቶ ገብረሰንበት፣ ከኮትዎ ውስጥ እጅዎን ሦስት ጊዜ ሲያስገቡ አይቻለሁ። ያውጧት ወይስ ላስፈትሽ?»

ገብረሰንበት ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ወደ ወለተ ሐና ተመለከቱ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አንዲት ሰንጢ አወጡ። ነጭ እጀታዋ ላይ መስመሮች እንደ መረብ ተጠላልፈዋል።

«የያዙት ይውጋዎት» አሉ መሪጌታ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እኔ ብረቱን ማለቴ ነበር። ወርቁ ሰው ኖሯል።»

«ፍኖተ ሰላም ወስጄ ማታ ማታ ሳያት ልመልሳት አልቻልሁም» አሉ ገብረሰንበት። «መሳዩዋን አሠርቼ ሰጠሁት። የዕለቱ ዕለት ታቦት ሳይገባ ሹልክ ብዬ መጣሁ፤ ሊያየኝ ልኮብኝ ነበር። "በወለተ ሐና ክርስትና ማልልኝ፤ ይቺ የኔዋ ናት በል" አለኝ። ማልሁ። ወስፌውን ከእሳቱ ያወጣው ከማልሁ በኋላ ነው። ጢሱ ሸተተን። ቢሰድበኝ በተሻለኝ! ምንም አልተናገረ፤ ብቻ አየኝ። ያንን ዓይን የምሸሽበት አጣሁ። የእንዳለው ሰንጢ ከፊቴ ነበረች።»

ወለተ ሐና ከአንገቷ የክርስትና ማተቧን ያዘችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወይዘሮ እህተ ማርያም ተነሥተው ቀረቡት። እስከዚያች ቀን «አንቱ» ይሉት የነበረውን ሰው ቁልቁል እያዩ፦

«የመስቀል ማግስት ጌታዬ አዝነው አገኘኋቸውና ምን ሆኑ አልኋቸው» አሉ። «"ገብረሰንበት አንድ ነገር ይነግረኛል፤ እኔ አልቀድመውም። ከአፉ ከወጣ ሰንጢዋን እመርቅለታለሁ" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ሊሰጡህ ነበር እኮ። አፍህን ብቻ ነበር የጠበቁት።»

ገብረሰንበት ከመሬት ተቀመጠ። ሲያለቅስ የሰነበተው ሰው አሁን እንባ አልወጣውም። ፖሊሶች አንሥተው ወደ ላንድሮቨሩ ሲወስዱት ከጉባኤው የተራገመ እንኳ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከሱ ሸሸገ።

ዳኘው የእንዳለውን ገመድ በእጁ ፈታ። ጭቃ ሹሙ አቀርቅሮ ወደ ኋላ አለ። ወይዘሮ እህተ ማርያም ከሾላው ሥር አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ከማጅራታቸው ላይ አድርገው ከሰው ሁሉ ፊት ካሳደጉት ልጅ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ጡቴን አጥብቼህ አላመንሁህም።»

እንዳለው ፈጥኖ ጎንበስ አለ፤ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ጎን ጣለው።

«ይቅር ለእግዜር፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ግባ፤ ራስህን ታጠብና ብላ። ቤትህ ነው።»

እንዳለው ሰንበር የወጣበትን ክንዱን እያሻሸ የቤቱን በር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ። «ዛሬ ግን አልገባም።»

ሰው መንገድ ለቀቀለት። ወይዘሮዋ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ፣ እስኪርቅ ድረስ ጀርባውን ተመለከቱ።