የጋሼ መንጋጋ

«ምን ታዪኛለሽ?» አላት አጎቷ። «ለእሁድ ልምምድ ነው?»

ልጅቷ ወደ ደብተሯ ልትመለስ ሞከረች፤ አልቻለችም። ልብስ ሰፊው አጎቷ የሱሪ እግር እያሳጠረ ሳለ የስፌት መኪናውን መሃል ላይ አቁሟል። ሱቁ ይበርዳል፤ የእሱ ግንባር ግን በላብ ርሷል። ግራ እጁን እንደ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በቀኙ መንጋጋውን ይዟል።

ቤተሰቡ «ሬዲዮ» የሚላት ያለ ነገር አይደለም፤ ያየችውን ሰው ሁሉ አስመስላ ታቀርባለች። ባለፈው እሁድ አጎቷ ወደ እነሱ ቤት ደረጃውን ሲወጣ ቆም ብሎ ደረቱን ሲጫን፣ መንጋጋውን ሲያሽ አይታው ነበር። ምሳ ላይ እሱኑ ሆና ቁጭ አለች። እናቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የአጎቷ ሚስት እትዬም «ቁርጥ እሱን!» አለች። እሱም ሳቀ፤ ቀድሞ ያቆመውም እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕመም ትንፍሽ አላለም።

«ጋሼ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«አያምም። ደረቴ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስለኛል እንጂ። ጨጓራ ነው።» ቤት ሄዶ ጋደም ቢል እንደሚሻለው ነግሯት ሊነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

የምን ጨጓራ ነው መንጋጋ ድረስ የሚወጣ? ትምህርት ቤት የመጀመሪያ እርዳታ የተማሩ ዕለት፣ እሷ ኋላ ወንበር ላይ መምህሩን ስታስመስል ነበር። የሚያስመስል ሰው ደግሞ ሳይወድ ይሰማል፦ ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ። አትጠብቁ፤ አታራምዱ።

«ከተነሱ እጮሃለሁ» አለችው።

ወለሉ ላይ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው፤ የአንገቱን ቁልፍ ፈታችለት፤ አምቡላንስ ጠራች። ስልኩን ያነሳችው ሴት በሩን ክፍት እንድታደርግ፣ ስልኩን እንዳትዘጋ፣ ብቻውንም እንዳትተወው ነገረቻት። እሱ ያልጨረሰው ሱሪ እንዳይቆሽሽ ከወለሉ ላይ እንድታነሳለት ለመናት። አነሳችለት።

አምቡላንሱና ጎረቤት የጠራት እትዬ እኩል ደረሱ። እትዬ ባሏ ደረት ላይ ሽቦ ሲለጣጠፍ አየችና ልጅቷን እቅፍ አድርጋ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር እያለች ግንባሯን ሳመቻት። መሳሙ ከስድብ በላይ ከበዳት። እሁድ አርፋ ምሳዋን ብትበላ ኖሮ፣ ሰውየው ሰኞ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» ሲል ከአምቡላንሱ የወረደው ነርስ ጠየቀ።

«ዛሬ» አለ አጎቷ። «ከዚህ በፊት አሞኝ አያውቅም።»

ይህን ሲል የሚያየው ነርሱን ሳይሆን እሷን ነበር። ለእሷ ብሎ እንደዋሸ ገባት። ዝም ብትል ዕድሜ ልኳን የቤቱ ጀግና ናት።

ከእትዬ እቅፍ ወጣች።

«ዛሬ አይደለም» አለችው ነርሱን። «እሁድ ደረጃ ሲወጡም አሟቸው ነበር። አይቻለሁ። ያልተናገሩት በእኔ ምክንያት ነው።»

ነርሱ ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንድትነግረው ጠየቃት። ወደ እትዬ ሳትዞር ከደረጃው ጀመረች።