ሁለት ግራ እጅጌ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ባልዲ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ እናት ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ደንበኞች ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን እየያዙ ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ። ልጇ የሒሳብ ፈተና ወደቀች።

ልጅቷን ትምህርት ቤት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች፣ የሰፊ ልጅም ስለሆነች።

ደረጃውን በዚያ ጠዋት የወለወለችው እሷ ነበረች። አላደረቀችውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቃትም፦ የነካሁት ሁሉ ይበላሻል። ስትጸልይ እንኳ ይመጣባታል። የራሷ ሐሳብ ይሁን እግዚአብሔር የሚነግራት መለየት አቃታት።

ጨርቋን ያልወሰደች አንዲት ደንበኛ ብቻ ቀረች። ጓደኛዋ፣ ሁልጊዜ ስለምታፏጭ «ፉጨት» የሚሏት። እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትዘምራለች። ነጩ የመዘምራን ልብስ ካልደረሰላት ግን መድረክ አትወጣም።

ይህ ለመርፌ እንዲሁ ሥራ አልነበረም። ልጆች ሳሉ መርፌ አጥር ስትዘል ወድቃ ጉልበቷ ተተርትሮ ነበር። ፉጨት የራሷን አዲስ ቀሚስ ጫፍ ቀድዳ አሰረችላት፤ ቤት ስትገባም ተቆጧት። መርፌ ያኔ «ስፌት ስችል ቀሚስ እሰፋልሻለሁ» ብላት ነበር። እስካሁን አልሰፋችላትም።

ዓርብ ከሰዓት እናቷ ጄሶዋን ልታሳይ ሆስፒታል ሄደች። መርፌ የእጅጌውን ወረቀት ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ቆረጠች። ወረቀቱን መገልበጥ ረስታ ሁለተኛውንም ቆረጠች። ሁለቱን ስትደራርባቸው ልክ በልክ ገጠሙ። ሁለቱም የግራ እጅ ነበሩ። የቀረው ቁራጭ ለኪስ እንኳ አይበቃም።

ከውጭ ፉጨት ተሰማ፤ በሩ ተንኳኳ።

«መርፌ! ልለካው መጣሁ!»

«አልደረሰም» አለች መርፌ። አፏ ቀደማት። «መኪናው ተበላሸ።»

«ውይ! ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። አልሰፋም አለ።»

ፉጨት የረጠበ ጃንጥላዋን ባልዲው ውስጥ ጣለች። እጇን መኪናው ላይ ጫነች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ፣ ይቺ መኪና የስንቱን ገላ የሸፈነች ናት። ዛሬ ደክሟታል። እባክህ እስከ እሑድ ብቻ አበርታት። ከእሑድ በኋላ እንደ ፈቃድህ።»

መርፌ ጠዋት ራሷ ዘይት የቀባችውን መኪና አየች። ሳቅ ያዛት፤ የወጣው ግን እንባ ነው።

«አሜን በይ እንጂ።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«መኪናው ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።» እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። «ሁለቱም የግራ ናቸው። እማዬንም የሰበርኳት እኔ ነኝ። ስጸልይም ይኸው ነው የሚመጣልኝ። እግዚአብሔርም እንደዛ የሚለኝ ይመስለኛል።»

ፉጨት እጇን ከመኪናው አነሳች።

«እኔ እንጃ» አለች። «እኔን እንደዛ ብሎኝ አያውቅም። ስለ አንቺም አልነገረኝም።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ፣ ለደህና መኪና ነው ያስጸለይሽኝ? አንቺ ጉደኛ!»

አንዱን እጅጌ አንስታ ቀኝ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችው። «እስቲ በሁለት ግራ እጅ ሲዘመር…»

«ቆይ» አለች መርፌ።

እጅጌው ፉጨት ቀኝ ትከሻ ላይ ልክ ተቀምጧል። ፉጨት ሳታውቅ ገልብጣ ነበር የያዘችው። መርፌ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወሰደች። አየችው፤ አገላብጣ አየችው። ፊትና ጀርባ የለውም። በሁለቱም በኩል ያው ነጭ ነው፤ የግራው ሲገለበጥ የቀኝ ይሆናል።

«ጸሎቴ ሠራ!»

«የጸለይሽው ለመኪናው ነው።»

«እሱ አድራሻ አይጠፋውም።»

መርፌ ግራ ገባት። ጨርቁ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነበር። እሷ ተበላሸ ስትል፣ ስትዋሽ፣ ስታለቅስ፣ እንዲሁ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ገልብጣ አላየችውም።

ማታ ስለ ደረጃው ለእናቷ ነገረቻት።

«እርጥብ መሆኑን አይቻለሁ እኮ» አለች እናቷ። «እየሮጥኩ ወረድኩ። አንቺ ይኼን ሁሉ ጊዜ ይኼን ተሸክመሽ ነው?»

መርፌ መኪናው ላይ ክር ስታስገባ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ፦ ታበላሺዋለሽ። «ጌታ ሆይ፣ የትኛው ድምፅ ያንተ እንደሆነ አላውቅም» አለች። «ይኼኛው ግን ያንተ አይመስለኝም።» መልስ አልሰማችም። ፔዳሉን ረገጠች።

እሑድ ከመድረኩ ጀርባ ፉጨት ልብሱን ለብሳ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። የትም አልያዛትም።

«የቀሚስሽ ጫፍ ይኸውልሽ» አለች መርፌ።

ፉጨት ለአፍታ አልገባትም። ከዚያ ዓይኗ ወደ መርፌ ጉልበት ሄደ፤ ሳቀች።

«የዕዳው ወለድስ?»

መርፌ ዓርብ የከለከለቻትን አስታወሰች።

«አሜን» አለቻት።