ስማቸው የተፋቀ ገንቦዎች

«የመሃለኛው ነው በያቸው» አሉ አያቷ፣ በከዘራቸው ወደ ሦስቱ ገንቦዎች እየጠቆሙ።

ሲዩፋን አልተረጎመችም። አጠገቧ የቆሙት አሜሪካዊት አሮጊት፣ ወይዘሮ ሎርና፣ ዳገቱ አድክሟቸው ቁና ቁና እየተነፈሱ አፍ አፏን ያያሉ። ወንድማቸው አብራሪ ነበር፤ በጃፓን ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኑ እዚህ ኮረብታ ላይ ተከስክሶ ሞተ። የሲዩፋን አገርና አሜሪካ ከታረቁ በኋላ እህቱ አፈላልገው፣ አፅሙን ሊወስዱ መጡ። ከከተማ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ መንገዱ አዙሮት መኪናው አጠገብ ሲያስመልስ ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ሲዩፋን የተጠራችው ለዚህ ነው።

«አቦ ተርጉሚላቸዋ!» አለ የአጎቷ ልጅ ካምሺንግ፣ ገንቦውን ለማውረድ ያመጣውን ገመድ ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ። «ፈተና ላይ ብቻ ነው እንዴ የምትጎብዢው?»

«አርፈህ ቁም» አለችው፤ ሳትናደድ።

ከተናደደች ቆይታለች። እንደ መንደራቸው ልማድ፣ ባለፈው መከር የእናቷ መቃብር ተከፍቶ አፅሟ ወጣ። ታጥቦ፣ ገንቦ ውስጥ ገብቶ፣ ገንቦው ላይ ስሟ ተጽፎ ከዘመዶቿ ጋር ተደረደረ። አጥንቱን ያጠበችው ሲዩፋን ናት። አክስቶቿ ሲያለቅሱ እሷ ውሃ ትቀዳ ነበር። ምንም አልተሰማትም። ከዚያ ወዲህ ሁለመናዋ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዟል።

«አያቴ፣ የመሃለኛው መሆኑን በእርግጥ ያውቃሉ?»

ሎርና ቋንቋውን ባይሰሙም አያቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አላውቅም። የሚያውቁት አባቴ ነበሩ። ሰውየውን እንደ ልጃቸው ቀብረው፣ አፅሙን አጥበው፣ ስሙን ጽፈው እዚህ አኖሩት። ወዲያው ከአሜሪካ ጋር ኮሪያ ላይ ተዋጋን። ያኔ የአሜሪካዊ አፅም ያስቀመጠ ሰው አለቀለት። አባቴ ስሙን በማጭድ ፋቁት። አንድ ገንቦ ብቻ ስም ቢያጣ ያስጠረጥራል ብለው የሁለት ወንድሞቻቸውንም ስም ፋቁ። ሦስቱን አደባልቀው ደረደሯቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ የመሃለኛው ነው እላለሁ?»

«በዚህ ዕድሜያቸው ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዳ ናቸው። እንግዳ ባዶ እጁን ይሸኛል? አንዱን ይዘው ይሂዱ፣ ልባቸው ይረፍ። ሙት እንደሆነ አይናገር።»

ሲዩፋን ወደ ረድፉ ጫፍ አየች። የእናቷ ስም የተጻፈበት ቀለም ገና አልደበዘዘም። አንድ ደግ ሽማግሌ የሌላ ሰው ገንቦ አሳይቷት «እናትሽ ይቺ ናት» ቢላት አታውቅም ነበር። ዕድሜ ልኳን ለማታውቀው ሰው ትሰግድ ነበር። ሐሳቡ አላመማትም፤ ግን አልለቀቃትም።

«ምን አሉሽ ልጄ?» አሉ ሎርና።

«ከሦስቱ አንዱ ነው» አለች ሲዩፋን በእንግሊዝኛ። «የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።»

የቀረውንም ነገረቻቸው፤ ጦርነቱን፣ ሁለቱን ወንድማማቾች። ማጭድ የሚለውን ቃል ስላላወቀችው በእጇ አየሩን እየፋቀች አሳየች።

የአያቷ ፊት ጠቆረ። «አንድ ቃል ብልሽ ይህን ሁሉ ምን ታወሪያለሽ?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«አዋረድሽን።»

ሎርና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ለአፅሙ ያመጡት ነጭ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ነው። ካምሺንግ ገመዱን ከትከሻው አወረደ።

«ለእሱ ብለው የገዛ ወንድሞቻቸውን ስም ፋቁ?» አሉ ሎርና።

ሲዩፋን ተረጎመች። አያቷ መሬት መሬት እያዩ፣ «ምን ያድርጉ ታዲያ?» አሉ። «እንግዳቸው ነበር።»

ሎርና ጨርቁን አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። «እንግዲያው እዚሁ ከእነሱ ጋር ይሁን። የወንድማማቾቹ ስም ማን ነበር?»

«ሆይቻን» አሉ አያቷ። «ታናሹ ደግሞ ቹንፋት።»

ሎርና ስሞቹን ለማለት ሞከሩ። ካምሺንግ ሳቁ አመለጠው። አያቷ በከዘራቸው ቸብ አደረጉትና ስሞቹን ቀስ ብለው ደገሙላቸው፤ ሎርና እስኪይዟቸው ድረስ ደጋገሙላቸው። ከዚያ አያቷ ይዘውት ከመጡት ቅርጫት የሩዝ አረቄ አውጥተው በሦስት ስኒ ቀዱና በየገንቦው ፊት አንድ አንድ አኖሩ። አሮጊቷና ሽማግሌው ጎን ለጎን ሆነው ሰገዱ።

ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል። ሲዩፋን ከመከር ወዲህ ወደ ረድፉ ጫፍ ሄዳ አታውቅም።

«አያቴ፣ ሌላ ስኒ አለ?»

እሳቸው ገና እንዳኮረፏት ናቸው፤ ዓይኗን አላዩም። የራሳቸውን ስኒ በእጅጌያቸው ወልውለው ሰጧት።

አሁንም ምንም አልተሰማትም። ስኒውን እስከ አፉ ሞልታ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ እናቷ ሄደች።