የእንቁ መልክ

ሰዓሊው መሳይ አዳማ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ከሚስቱ ከእንቁና ከትንሿ ልጃቸው ከሃኒ ጋር ይኖር ነበር። መሳይ ሰው አይስልም፤ ዛፍ አይስልም፤ ቤትም አይስልም። ቀለምን ከቀለም፣ ክቡን ከማዕዘኑ እያጋጨ ዕድሜውን ፈጀ። ገዢ ግን አልነበረውም። ጎጆው የቆመው ዱከም ፋብሪካ እየተመላለሰች በምትሠራው በእንቁ ጉልበት ነበር። "አንድ ቀን እንኳ እኔን ብትስለኝ ምን አለበት?" ትለዋለች እየሳቀች። "ፊት የፎቶ አንሺ ሥራ ነው" ይላታል። ወይ አለማወቅ!

አንድ ማለዳ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ... እንቁ እንደወጣች ቀረች። በለቅሶው ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ መሳይ ዓይኑ ደርቆ ተቀመጠ። "ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?" ተባባሉ ለቀስተኞቹ። ልቡማ መቼ አብሮት ነበርና!

"አባዬ፣ እማዬን ሳልልኝ" አለችው ሃኒ። ሸራውን ሙሉ ቢጫ ቀባና መሃሉ ላይ አንድ ጠይም ክብ አሳረፈ። ልጅቷ አየችው፣ አየችውና "አፍንጫዋስ?" አለች። እጁን አስገድዶ ፊት ሳለ። "ይቺ ሌላ ሴትዮ ናት" ብላ ዞረች። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነካም። መብላት ተወ፤ መናገር ተወ፤ ሃኒን ከትምህርት ቤት ማምጣቱንም ይረሳ ጀመር።

የእንቁ እናት፣ እማማ አማረች፣ ከባቱ መጥተው የልጅቷን ልብስ ሰበሰቡ። "መሳይ፣ ልጄ፣ አልፈርድብህም። ግን ይቺ ሕፃን በቁሙ ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ትደግ?"

"እሺ፣ እማማ።"

እሺ! አንድ ልጁን ሲወስዱበት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሃኒ ወደ መናኸሪያ ከሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ እጇን አውለበለበችለት፤ የእሱ እጅ አልነሳ አለው።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ።

"አባዬ፣ ፎቶዋን ሳይ አውቃታለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ግን እማዬ አትመጣልኝም።"

"ለእኔም አትመጣም፣ ልጄ።"



"እያለቀስክ ነው?"

"አይ፣ አላለቅስም።"

"እኔም ድሮ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን ትቻለሁ" አለች ሕፃኗ፣ ልክ እንደ እሱ በደረቀ ድምፅ።

ስልኩ ተዘጋ፤ መሳይ ግን ከጆሮው አላወረደውም። ሰው ለልጁ ቤት ያወርሳል፣ መሬት ያወርሳል፣ ቢያጣ ስሙን ያወርሳል። የደረቀ ዓይን ማውረስስ... ከየትኛው ዕጣ ይቆጠራል?