የተቀነሰው መንሸራተት

ትርሲት ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማይክሮስኮፑን ክፍል ትከፍትና፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ከተሸፈኑበት ጨለማ፣ ከአልኮሉ ሽታና ከማያቋርጠው የማራገቢያ ድምፅ መሀል ገብታ ከመሣሪያው በስተግራ ትቀመጣለች። ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ፣ በመስታወት ሳህን ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል የካንሰር ዕጢ እያደገች ነው። ዕጢዋ ውስጥ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተበትነዋል። ሴሎቹ እየተከፈሉ ሲገፋፉ ቅንጣቶቹን ከመሀል ወደ ዳር ይነዷቸዋል፤ ካሜራው በየአሥር ደቂቃው ፎቶ ያነሳቸዋል። ትርሲት የመመረቂያ ጥናቷን ሰኞ ታቀርባለች፤ ያላት ውጤት ይኸው ብቻ ነው።

ቅንጣቶቹ ግን ወደ ዳር ከመበተናቸው ሌላ፣ ሁሉም ባንድነት ወደ ግራ ይንሸራተቱ ነበር። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ የሳህኑ ማስቀመጫ ሲላላ ይመጣል። ፕሮግራሙ የጋራውን መንሸራተት አስልቶ ይቀንሰዋል፣ ተመራማሪው የተረፈውን ያነባል። የተቀነሰውን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የሚያዩት ጋሽ እምሩ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴክኒሻን ሆነው ሳጥኑን ከመክፈታቸው በፊት የሚያማትቡ ሰው ናቸው፤ ትርሲት ከዚህ በላይ የሚያንገሸግሻት ነገር የለም። ማስቀመጫውን ሁለት ጊዜ እንዳጠበቁት ነገሯት።

«ልጄ፣ ዕጢዋ ወደ ወንበርሽ ነው የምትመጣው።»

«ጠበል እንርጭባት እንዴ ጋሽ እምሩ?»

እሳቸው አልሳቁም። ልታሳፍራቸው ስትል ወንበሩን ከመሣሪያው በስተቀኝ አዛወረችው። በማግስቱ ቅንጣቶቹ ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ። ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ ሴት ስትቀመጥበት የሚያዘነብል ወለል የሠራውን ኮንትራክተር በሆዷ ሰድባ፣ መንሸራተቱን ቀነሰችው።

ከዚያ በኋላ እሷ ስትገባ ማራገቢያው፣ ትንፋሹን እንደሚውጥ ሰው፣ ለአፍታ ዝቅ ይል ጀመር። ከሳጥኑ የሚወጣው ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ሊበላሽ የተቃረበ ወተት የሚመስል ሽታ ሻርፗ ላይ ቀረ። ሁለቴ አጠበችው፤ አለቀቀም። በሳሙናው አሳበበች።

ሐሙስ ቤቷ ሆና ልትጽፍ ቀረች፤ ጋሽ እምሩ ፎቶዎቹን ላኩላት። መንሸራተቱ አሁን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልነበረም፤ ወደ ክፍሉ ጥግ፣ አገድሞ ነበር። ለመቀለድ ያህል አቅጣጫውን የከተማው ካርታ ላይ አሰመረችው። መስመሩ ከላቦራቶሪው ተነስቶ፣ መገናኛን አቋርጦ፣ ኮተቤ የተከራየችበት ግቢ ላይ አረፈ። ሳቀችና ዘጋችው። ዓርብ የመንሸራተቱ ፍጥነት በእጥፍ ጨመረ። ቀነሰችው።

እሑድ ቀትር ላይ ፕሮግራሙ መንሸራተቱን ዜሮ አሳየ።

ፎቶዎቹን ሳትከፍት ደወለች።

«በመጨረሻ አጠበቁት ማለት ነው?»

«እኔ ምንም አልነካሁም» አሉ ጋሽ እምሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «ቅንጣቶቹ መስታወቱ ላይ ተኝተዋል። ዕጢዋ ግን የለችም።»

ደርቃ ሞታ ይሆናል፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ መጨመር ረስተው ይሆናል፣ ብላ በጨዋ አንደበት ወቀሰቻቸው። ይህን ስትል ከግራ ጆሮዋ ሥር የሚበላትን ቦታ እያከከች ነበር፤ ከቆዳዋ በታች የጤፍ ፍሬ የምታክል ሞቃት ነገር ጣቷን ነካቻት። ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ፍሬዋም ተከትላት ወደ ቀኝ ተንሸራተተች።