ያልታመመው ጣት

ፋሻው የታሰረበት ጣት ልክ አልነበረም። ፀሐይነሽ ይህን ያስተዋለችው ግን ልጁን ከቤቷ ካባረረችውና በሩን ከዘጋችበት በኋላ ነው።

መቀርቀሪያው እንደ ልማዱ አልገባ ብሏት በሩን በትከሻዋ እየገፋች ስትታገል፣ ልጁ አብዱልባሲጥ ሲወጣ ቦርሳውን ያነሳበት ግራ እጁ ትዝ አላት። ነጩ ፋሻ የዞረው የቀለበት ጣቱ ላይ ነው። ላሜራ የቆረጠው ግን የመሃል ጣቱን ነበር። ስፌቱን በዓይኗ አይታለች፤ ሦስት ቦታ። ቁስል ደግሞ ከጣት ወደ ጣት አይዞርም።

«የዳነ ጣት ምን ተብሎ ይታሰራል?» አለች ብቻዋን።

መልሱን ከማግኘቷ በፊት ልቧ ክፉ ክፉውን አሰበ። ባሏ ቀለሙ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ነች። ልጇ ወንጌላዊት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ሚኒባስ ተገልብጧል፤ ካሳላት የሳንባ ምች ነው። በሩን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ሳትፈትሽ ተኝታ አታውቅም።

ልጁ ወደዚህ ቤት የመጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። አብዱልባሲጥ የቢስቲማ ልጅ ሲሆን፣ ቀን ቀን ኮምቦልቻ በአጎቱ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። ቅዳሜና እሁድ በአንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ጣቱ ሲቆረጥ የባንዱ አለቃ ወንድምአገኘሁ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ፤ የጥር ሠርግ እየደረሰ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ሟች አባቷ በቀበሌ ኪነት ዘመን ይጫወትበት የነበረውን ቤዝ አንግታ ቀኑን ሙሉ የምትለማመድ ልጅ አለች ብለው ነገሩት። የሃያ ሁለት ዓመቷ ወንጌላዊት እንዲህ ሆና ተቀጠረች።

አንድ ባንድ ደግሞ ሁለት ቤዝ ተጫዋች አያስፈልገውም። የልጁ ጣት ከዳነ ወንጌላዊት ትወጣለች፤ ካልዳነ እሱ እንደወጣ ይቀራል። ሌላ የሚቀጥር ባንድ በአቅራቢያው አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት፣ እጁ የታሰረ ቀጭን ወጣት ግቢዋ ውስጥ ተገትሮ ስታየው ፀሐይነሽ መጀመሪያ ሌባ መሰላት። ማንነቱን ስትሰማ ከሌባም የባሰ መሰላት።

«ምን ፈልገህ ነው? ለምን አታንኳኳም?»

«ትጨርስ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ ወደ መስኮቱ እያመለከተ። «ዘፈን መሃል አይንኳኳም።»

ከውስጥ የወንጌላዊት ቤዝ ይሰማል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አደመጠ። ፀሐይነሽ ያንን ድምፅ ስንት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ ሰው እንዲህ ቆሞ ሲያደምጠው ግን ገና ማየቷ ነበር።

ሲገባ ከቦርሳው አንድ ሰማያዊ የብረት ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው።

«ካንቺ ጋር ይዋል» አላት ወንጌላዊትን። «ድምፁን ያወፍርልሻል። ግን አደራ፣ የሬዲዮ አዳፕተር እንዳትሰኪበት። ልክክ ብሎ ይገባል፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ግን ግልብጥ ነው። የመጀመሪያውን ፔዳሌን እንደዚያ አድርጌ አጨስኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀስን።»

«ማንና ማን?»

«እኔና ወንድምአገኘሁ። ፔዳሉ የሱ ነበር።»

ወንጌላዊት ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ፀሐይነሽ አልሰማችም።

«ጣትህስ?» አለችው ወንጌላዊት።

«ይታጠፋል። ክር ስጫንበት ግን እሳት ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ፋሻውን ፈታው። ወንጌላዊት የጣቱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ስፌቶቹን አንድ ሁለት ሦስት ብላ ቆጠረች። ቆጥራ ከጨረሰች በኋላም አልለቀቀችውም። እሱም እጁን አልሳበም። ፀሐይነሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ጀመር። ሃይማኖቱ አልነበረም ያሳሰባት፤ አማቷ ኡሙሰልማ ሶላት ሳያዛንፉ፣ እሷም ጾም ሳትሽር፣ አንድ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ያሳሰባት ሌላ ነው። የእንጀራ ገመዱን ለምትወስድበት ልጅ ሙያውን የሚያስተምር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የፍቅር ወሬ እሰማ ይሆን ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን ትጥላለች። ስለ ክር ነው የሚያወሩት። ስለ ባትሪ፣ ስለሚንጫጫ ኬብል፣ ውኃ ስለሚቋጥር ጣት።

«አውራ ጣትሽን ምን ያህል ሰዓት ታሳርፊዋለሽ?»

«አላሳርፈውም።»

«አሳርፊው እንጂ ወንጌል። ጣት ተጨማሪ አይሸጥም።»

በዚህ በኩልስ እፎይ፣ ትል ነበር ፀሐይነሽ። እነዚህ የሥራ ሰዎች ናቸው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ድስቷ ይንተከተካል። ደስ ብሏት ክዳኑን ብታነሳው አራት ወፋፍራም የብረት ክሮች እንደ እባብ ተጠምጥመው ይፈላሉ።

«እማ፣ እንዳትደነግጪ! የቤዙ ክር ነው» አለች ወንጌላዊት። «ሲቀቀል ላቡና እድፉ ይለቅና እንደ አዲስ ይጮኻል።»

«በወጥ ድስቴ?»

«እትዬ ፀሐይ፣ ወላሂ ጨው አልጨመርንበትም» አለ አብዱልባሲጥ ከኋላ።

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ሳቅ ቀደማት።

ክሩ ደርቆ ተወጥሮ ወንጌላዊት ስትጫወትበት ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጣቶቿን ያያል። ስትሳሳት ምንም አይላትም፤ ወለሉን ብቻ ያያል። ልክ ስትሆን ዓይኑን ይጨፍናል። ፀሐይነሽ በሩን ተደግፋ፣ ልጄ ይህን ሁሉ መቼ ቻለችው፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ፣ ጣቱ የዳነ ቀንስ ምን ሊሆኑ ነው፣ አለች።

ጥር ገባና ሠርግ በሠርግ ላይ ሆነ። የወንጌላዊት የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ውኃ ቋጠረ። እሷ ግን አንድ ቀን አላሳረፈችውም፤ አብዱልባሲጥ ቆዳ ያጠነክራል ያላትን ሙጫ፣ ሱፐር ግሉን፣ ቀብታበት ተጫወተች። ማክሰኞ ጠዋት ጣቱ አብጦ ቲማቲም መሰለ። እናቷ ጤና ጣቢያ ወስዳ መርፌ አስወግታ አመጣቻት፤ ለአሥር ቀን ክር እንዳትነካ ታዘዘ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ትልቅ ሠርግ ነበረባት።

ወንጌላዊት መርፌው አዳክሟት ጓዳ እንደተኛች አብዱልባሲጥ እያለከለከ ደረሰ። ፀሐይነሽ እስኪቀመጥ አልጠበቀችም።

«ጣቷን አበላሸህልኝ! ፔዳል፣ ክር፣ ሙጫ እያልክ። ቦታህን ልታስመልስ ነው፤ አይደለም?»

«እትዬ ፀሐይ፣ ሙጫውን እኮ...» ብሎ አቆመ። ውኃ የቋጠረ ጣት ላይ እንዳትቀባው ወንጌላዊትን ሦስት ጊዜ እንደለመናት ፀሐይነሽ የሰማችው ኋላ ነው። እሱ በልጅቷ ላይ አላሳበበም። «ለብ ባለ ውኃ በጨው ይዘፍዝፉላት» ብቻ አለ።

«ውጣ! ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ!»

ቦርሳውን አነሳ፤ ወጣ። እሷም ከመቀርቀሪያው ጋር ስትታገል ነው ፋሻው ትዝ ያላት።

ሌሊቱን እንዲህ አሰበች። ድኗል። ድኖ፣ ፋሻ ለብሶ፣ ልጄ የምትወድቅበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ቅዳሜ ፋሻውን ጥሎ ቦታዋ ላይ ይወጣል። ይህን ፊት ለፊት ሳልነግረው አልቀርም።

ረቡዕ ጠዋት ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣችና በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። የሐረጎን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ዓይኗን ጨፍና፣ የፊቱን ወንበር ጨብጣ ነው ያለፈችው።

ብረታ ብረት ቤቱ ጋ ስትደርስ የምሳ ሰዓት ስለነበር ብየዳው ጸጥ ብሏል። ትልቁ የብረት በር ተዘግቷል። ልታንኳኳ መዳፏን ስታሳርፍበት በሩ ተንቀጠቀጠ።

እጇን ሳበች። መልሳ አስጠጋች። ብረቱ ይዘፍን ነበር። በበሩ ስንጥቅ ስታይ አብዱልባሲጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቤዙን ታቅፏል። ማጉያ የለውም፤ የቤዙን ጭንቅላት በሩ ላይ አስደግፎ ነው የሚጫወተው፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ድምፅ ሆኗል። የመሃል ጣቱ ክሩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል።

ዘፈኑን አወቀችው። ወንጌላዊት የምትጫወተው ነው። እሷ ከራሷ የጨመረቻት አንዲት ትንሽ መንሸራተት አለች፤ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ። ልጁ እዚያች ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ፈገግ ብሎ እንደገና ሞከረ። የልጇን ነገር እያጠና ነው።

ፀሐይነሽ ዘፈኑ እስኪያልቅ አላንኳኳችም።

በሩን ሲከፍትላት ግራ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ፋሻው ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«መቼ ነው የዳነው?» አለችው።

«ታኅሣሥ... መጨረሻ ላይ።»

«ወር ሊሞላው! ታዲያ ለምን ታስረዋለህ?»

ወለሉን አየ። «ድኛለሁ ያልኩ ቀን ወንድምአገኘሁ ወንጌልን ያሰናብታታል። እኔ ብየዳ አለኝ፣ እትዬ። ደግሞም...»

«ደግሞም ምን?»

«ትበልጠኛለች። ወላሂ ትበልጠኛለች። እኔ ስጫወት ሰው ይጨፍራል። እሷ ስትጫወት ዘፋኙ ራሱ ዞሮ ያያታል።»

ፀሐይነሽ የምትገምተው ክፉ ነገር ሲጠፋባት የመጀመሪያዋ ነበር።

«የቀለበት ጣትህ ላይስ ለምን አሰርከው?»

«የቀለበት ጣቴ ላይ ነበር?» አለና እጁን አየ። «ታማለች ሲሉኝ እየሮጥኩ ሚኒባስ ውስጥ ነው ያሰርኩት። ያገኘሁትን ጣት ነው መሰለኝ።»

«ቅዳሜ ማን ይጫወታል?»

«ሰው አላገኙም።»

«አንተ ትጫወታለህ። ግን መጀመሪያ ለልጄ በአፍህ ትነግራታለህ። ተነሥ።»

«አሁን? እትዬ ፀሐይ፣ ከሰማች በቤዙ ራሴን ነው የምትለኝ!»

«ትበልህ። እኔ አስጥልሃለሁ።»

ደሴ ሲደርሱ ጉሙ እየወረደ ነበር። ወንጌላዊት የታሰረ ጣቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። አብዱልባሲጥ እጁን ዘርግቶ ነገሩን አንድ ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ እሷ የመሃል ጣቱን ይዛ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከጫፉ ላይ ክር ያደነደነውን አዲስ ቆዳ አገኘች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ማን ስጠኝ አለህ?»

«ማንም።»

«እኔ ቦታ በምጽዋት አልወስድም፣ አብዱ። ቅዳሜ አንተ ትጫወታለህ። ጣቴ ሲድን ወንድምአገኘሁ ፊት ሁለታችንም እንጫወታለን። የበለጠ ይይዘዋል።»

«የተሸነፈውስ?»

«የተሸነፈው ማጉያውን ይሸከማል።»

«እስከ መቼ?»

ወንጌላዊት ቀና ብላ አየችው። «ዕድሜ ልኩን።»

«ከባድ ነው እኮ ማጉያው» አለ ልጁ። «ግን እችላለሁ። ባሸንፍም እሸከመዋለሁ።»

ፀሐይነሽ ጓዳ ውስጥ ሽሮ እያማሰለች ነበር። እጇ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ስትጠብቀው የነበረውን ወሬ፣ ለካስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ባትሪውም፣ ክሩም፣ አዳፕተሩም እሱው ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ የሥጋ ጣጣ አልነበረም፤ ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ወንጌላዊት በግራ እጇ መጉረስ ስላቃታት ሁለቱ በተራ አጎረሷት።

ከእራት በኋላ አብዱልባሲጥ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን አልወጣም። መቀርቀሪያውን ወዲያ ወዲህ አደረገው፤ ከቦርሳው ሞረድ አወጣና ጎንበስ ብሎ ይሞርደው ጀመር።

«ይኼ ነው ሲታገልዎት የኖረው፣ እትዬ። ጫፉ ጎብጧል።» ብናኙን እፍ ብሎ ቀና አለ። «በሉ ደህና እደሩ።»

«ወዴት ነው?»

«ኮምቦልቻ ነዋ። ሚኒባስ አለ።»

«አለ! ገደሉም አለ። ሐረጎን በዚህ ጉም?» ትራሱን ከአልጋዋ ላይ አነሣችና ሶፋው ላይ ጣለችው። «እዚያ ትተኛለህ። ወንጌል ከኔ ጋር ናት፤ እንቅልፌም ቀላል ነው።»

«ትናንት ይህን ደጅ እንዳትረግጥ ብለውኝ...»

«ደጁን አትርገጥ አልኩ እንጂ ውስጥ አትደር አላልኩም።»

ወንጌላዊት ሳቋን በፋሻዋ ጋረደች። ጥቂት ቆይተው ሁለቱ ሶፋው ላይ የትኛው ባትሪ ይቆያል ብለው ይከራከሩ ጀመር።

ፀሐይነሽ ወደ በሩ ሄደች። ትከሻዋን ልታስጠጋ ስትል ተወችው፤ መቀርቀሪያውን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ያለ ድምፅ ገባ። ተመልሳ አልፈተሸችውም።