ሆን ብዬ ያልጠገንኩት ላፕቶፕ

ከሁሉ በፊት ወዳጄ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልነበርኩ ይታወቅልኝ። አባቴ መሪጌታ ነው፣ ያደግኩት እዚሁ ላሊበላ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ስር ነው፣ የቡዳውንም የጋኔኑንም ወሬ ከእናቴ ወተት ጋር ነው የጠጣሁት፣ ግን ኮምፒውተር መንካት ከጀመርኩ በኋላ ሁሉንም ትቼዋለሁ፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ውሎውን በሚጽፍበት ሎግ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፣ ሃይማኖቴ ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ጓደኞቼ ተሰብስበው ወደ ጅብ ስለሚለወጠው ሰው ሲያወሩ "ሎጉን አሳዩኝ" እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርኩ፣ አሁን እነሱ "ሎጉን አሳየን" እያሉ ይስቁብኛል። ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር በሌሊት ገጠመኝ ይላል፣ የኔ ግን ቅዳሜ ገበያ ደምቆ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በቀትር ነው የሆነው።

ሱቄ ከገበያው መውጫ ላይ ናት፣ በአንድ ጎኗ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጭማቂ ቤት አለ፤ ፎቶ አትማለሁ፣ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የራሴ ላፕቶፕ አንድ እንግዳ ጥሎልኝ የሄደ አሮጌ ነው፣ ባትሪው አብጦ ስላስፈራኝ አውጥቼ ከጣልኩት ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ በድን ነው፣ ይህችን ነገር ያዝልኝ። ቫይረስ ሲያሰለቸኝ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩበት፣ ደህና ነው፣ አንድ ዐመል ብቻ አለው፤ ክዳኑን ዘግተህ ካስተኛኸው በኋላ ስትከፍተው ስክሪኑ ይቀውሳል፣ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር በአግድም ይዘረጋበታል፣ በመስመሮቹ መሃል ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ስትሠራበት የነበረው ምስል ተቆራርጦ ብቅ ይላል። ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚሳል የሚያዘው ማለት ነው፣ ሲነቃ የድሮውን ሳያጸዳ ይደፋዋል። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ድራይቨሩን ነቅዬ መልሼ ጫንኩ፣ ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት ማለት ነው፣ ወደ አሮጌው መለስኩ፣ ኢንተርኔት ላይ አንዱ "ሲነሳ ይህችን ቃል ጨምርበት" ያለውን ጨመርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ "የሚቀጥለው ስሪት ያስተካክለዋል" የሚል መልስ አነበብኩና ተውኩት፤ መፍትሔው ክዳኑን አለመዝጋት፣ ሥራ ሲያልቅ ማጥፋት ነው፣ አበቃ።

ያን ሳምንት ዓርብ ከሰዓት አያ ሲሳይ ወደ ሱቄ ገቡ። የእትዬ ውዴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እትዬ ውዴ ደግሞ ከአሸተን ማርያም በታች ካለችው መንደር የሚመጡ ደንበኛዬ ናቸው፣ መንደራቸው መብራት ስለሌለ በየቅዳሜው ጠዋት ስልካቸውን እኔ ዘንድ ይሰኩና ገበያቸውን ጨርሰው ይወስዱታል፤ ስልኳንም የያዟት ለአንድ ልጃቸው ለደሳለ ብለው ነው፣ እሱ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል።

"ደሳለ ዐርፏል" አሉኝ አያ ሲሳይ፣ አልተቀመጡም። "ወባ ነው። ሳምንት ሆነው፣ እዚያው ቀብረውታል። እቴ አልሰማችም።"

ደሳለን አውቀዋለሁ፣ አብረን ኳስ ተጫውተናል።

"ነገ ገበያዋን ትገብይ፣ እህልም ትቅመስ፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከንስሐ አባቷ ጋር ሁነን እናረዳታለን። አንተ ይችን ፎቶ ለለቅሶው አሳድግልን። ስልኳን ደግሞ ነገ እንዳትሰጣት፣ የሰማው ሁሉ እየደወለ መርዶውን ገበያ መሃል እንዳይጥልባት። አደራህን።"

"አብሽሩ አያ፣ በኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው።

የሰጡኝ የመታወቂያ ፎቶ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከአንገት በላይ፣ ፊቱ እንደማንኛውም የመታወቂያ ፊት የተኮሳተረ፤ ሌላ ፎቶ እኔም ጋ የለም፣ ማንም ጋ የለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እሱን እየሠራሁ ነበር፣ ጀርባውን ሰማያዊ አደረግኩት፣ ከስሩ ስሙንና "ዐረፈ" የሚለውን ጻፍኩ፣ ልክ ያን ጊዜ "እንደምን አረፈድክ የኔ ጌታ" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ውዴ ናቸው። ደንግጬ ክዳኑን ጠርቅሜ ዘጋሁት፤ ማጥፋት ሲገባኝ አስተኛሁት።

"ስልኬ ሞላች?"

"አልሞላችም እትዬ፣ ዛሬ መብራቱ ደከም ብሏል።"

"እንግዲህ እጠብቃታለሁ፣ ምን ቸኮልኩ" ብለው የሸመቱትን ጨውና በርበሬ እግራቸው ስር አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስልኳ ሞልታ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ እኔ ፊቴን እንዳያነቡት ገመድ የምፈታታ መስዬ አቀርቅሬያለሁ። "ደሳለ ከደወለ እኮ ሦስት ሳምንቱ" አሉኝ፣ "ኔትወርክ አይሆን?" "ይሆናል" አልኩ። እመነኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አጭር መልስ ከብዶኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀትር ላይ መብራት ድርግም አለ። ከጎኔ የፀጉር ቤቱ ማሽን ቀጥ አለ፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰውዬ እየተራገመ ወጣ፣ የጭማቂ ቤቱም ፍሪጅ ማጓራቱን ተወ። ልንገርህ፣ ደስ አለኝ! ላፕቶፑ ባትሪ የለውም፣ መብራት ከሌለ ምስሉ ጠፋ ማለት ነው፣ እሳቸው የሚያዩት ነገር የለም፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ጥቂት ቆይተን እትዬ ውዴ ቀና አሉ። "ምንድን ነው እሱ የሚተነፍሰው?"

እኔም ሰማሁት። ቀጭን፣ ዘለግ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ነው፤ የላፕቶፑን ማራገቢያ ድምፅ ደግሞ እንደ እናቴ ድምፅ ነው የማውቀው። "የፍሪጅ ነው" አልኩ፣ ፍሪጁ ግን ከቆመ ቆይቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ በክዳኑ ስንጥቅ ብርሃን ይወጣል፣ አረንጓዴ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ መሰኪያው እጄ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ማራገቢያው ይዞራል። ቁልፉን ተጭኜ ላጠፋው ብዬ ክዳኑን ወደ ራሴ አዙሬ ከፈትኩት፣ እትዬ ውዴ ግን ለካ ተነስተው ከኋላዬ ቆመዋል።

መስመሮቹ እንደ ጥለት ተደርድረዋል፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ። በመሃላቸው ሰው አለ። የመታወቂያው ፎቶ አይደለም ወዳጄ፣ ሰማያዊ ጀርባም፣ ጽሑፍም የለም፤ ሰውዬው ሙሉ ሰው ነው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ጎን ያያል።

"ደሳለ!" አሉ እትዬ ውዴ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ይኸው ጋቢው፣ ይኸው ሲሄድ የጣፍኩለት፣ በትምህርት ቤት ሸሚዙ ኪስ ነው የጣፍኩት!" በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እውነትም በጋቢው ጫፍ ላይ ሰማያዊ መጣፊያ አለ። "ላከልህ? መቼ ላከው?"

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ምን ልበል? ፎቶው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አደራ አለብኝ፣ ሴትዮዋ ፊታቸው በርቷል። "ዛሬ ጠዋት" አልኩ።

"ከስቷል እንጂ ደህና ነው፣ ተመስገን" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ክዳኑን ዘጋሁት። "ክፈተው እንጂ፣ አልጠገብኩትም! ለምን ወደዚያ ያያል? ወደኛ ይዙር በለው።"

ከፈትኩት። መስመሮቹ ሳስተዋል። ዞሯል። ፊት ለፊት ያየናል፣ የዐይኑ ዙሪያ ጠቁሯል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ውሃ አምጡልኝ ሊል የፈለገ ሰው ይመስላል። እትዬ ውዴ "አየኝ" አሉ በቀስታ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ዘግቼ ስከፍተው ጥቁር ነበር፣ ማራገቢያውም ዝም ብሏል። ስልካቸውን እንኳ ረስተው፣ ለመንገደኛው ሁሉ "ልጄ ፎቶ ላከ" እያሉ ዳገቱን ወጡ።

ማታ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ሎጉን መክፈት ነው። ማሽኑ ሲተኛም ሲነቃም ሰዓቱን ይጽፋል። የመጨረሻው መስመር ረፋድ ላይ የተኛበት ነው፣ ከዚያ በታች ያለው አሁን እኔ ያስነሳሁበት ነው። በመሃል ምንም የለም፣ አልነቃም። የተቀመጠውን ሁሉ ፈለግኩ፣ ያለው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱን አትሜ ጠቅልዬ፣ ሳልተኛ አደርኩ።

ጎሕ ሳይቀድ ከሰዎቹ ጋር ወጣሁ። እትዬ ውዴ በር ከፍተው አያ ሲሳይን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ ከኋላ የቆመውን ጎረቤት አዩ፤ በዚያ ሰዓት ሰው ለምን ተሰብስቦ እንደሚመጣ የማያውቅ አገር አይደለም። ቄሱ "ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ..." ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"የለም አባ፣ ተሳስታችኋል። ልጄ ደህና ነው፣ ትናንት ፎቶ ልኳል። ይኸውላችሁ የላከለት ልጅ፣ ጠይቁት!"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አያ ሲሳይ ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ ከላዬ ላይ ማውረድ አልቻልኩም፤ በደንቡ ባዘጋጁት መርዶ ላይ ውሸቴን ጋርጄበታለሁ፣ ሴትዮዋ ያን ውሸት ካልተውት ማልቀስ እንኳ አይችሉም።

"እትዬ ውዴ" አልኩ፣ "ዋሽቼዎት ነው። ደሳለ አልላከልኝም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ከተኛ በኋላ ሲነቃ እንዲህ ያደርገዋል።"

አልተቆጡም። "እሺ። መጣፊያዬን ታዲያ ማሽንህ ከየት አወቀው?"

የጠቀለልኩትን ፎቶ ዘረጋሁት፣ ነጭ ሸሚዙን፣ የተኮሳተረ ፊቱን፣ ጽሑፉን አዩ፣ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጮኹ። ያን ጩኸት አልነግርህም።

በአርባው አብሮት ያጨደ ጓደኛው ከመተማ መጣ፣ ቦርሳውንና ጫማውን ይዞ። እትዬ ውዴ አገላብጠው አይተው "ጋቢውስ?" አሉት።

"በሱ ነው የገነዝነው እትዬ" አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። "የመጨረሻው ቀን ድንጋዩ ላይ አስቀምጡኝ አለ፣ አስቀመጥነው። ፊቴን ወደ ደጋው አዙሩልኝ አለ፣ አዞርነው። ቀትር ላይ ነው ያለፈው።"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። እትዬ ውዴ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ብቻ ነው ያዩት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በቀትር ይመጣሉ። ወደ ስልካቸው አሁን የሚደውል የለም፣ ሳይጠቀሙባት እንደሞላች ያመጧታል፣ "ሙላልኝ" ይሉኛል፣ እኔም እሰካታለሁ። ይቀመጡና "እስቲ" ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም፤ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ መስመሮቹ ይመጣሉ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ እኔ የማየው ያንን ብቻ ነው፣ ምዬ እነግርሃለሁ፣ ሌላ ነገር የለም። እሳቸው ትንሽ አይተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። ደንበኞች "አንተ የሰው ማሽን ትጠግናለህ፣ የራስህን ምነው?" ሲሉኝ እስቃለሁ። አዲሱ ስሪት ከወጣ እኮ ቆይቷል፣ ነፍ ሰው ችግሩ እንደተፈታለት ጽፏል፣ አንድ ትእዛዝ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም። ለሳቸው ብዬ ነው የተውኩት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ልጃቸውን የሚያዩበት መስኮት ከሆነ እኔ ማን ነኝና እዘጋዋለሁ፣ ብዬ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ከወትሮው ቆዩ። ከስተዋል፣ ያስላቸዋል፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ እኔ መስመር ብቻ ወደማይበት፣ ፈገግ አሉ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ድንጋዩ ላይ ጠጋ አለልኝ" አሉ። "ቦታ ለቀቀልኝ።"

ይህን የምጽፍልህ ዓርብ ማታ ነው። የማስተካከያውን ትእዛዝ ጽፌዋለሁ፣ ፊቴ ላይ ነው፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረኝ፤ ብጫነው መስኮቱን እዘጋባቸዋለሁ፣ ባልጫነው ደግሞ ነገ ቀትር ላይ መጥተው "እስቲ" ይሉኛል፣ እኔም እከፍታለሁ። ሶኬቱን ከነቀልኩት ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ማራገቢያው አሁንም ይዞራል።